የአባትህ ፒክአፕ ጠበል

ልጄ ካሌብ፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት በሄድህበት ሁሉ ትቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል። የምነግራትን የምትጽፈው እህትህ ቃልኪዳን ናት፤ ቀልድ ካገኘህበት የእሷ ነው።

የአባትህ አሮጌ ፒክአፕ ማሞቂያው ተበስቶ መስታወቱን እንፋሎት ይሸፍነው ጀመር። በጋቢው እየጠረገ በዚያ ገደል፣ በዚያ ጭጋግ ሲነዳ እኔ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። መካኒኩ ጥጋቡ «ማሞቂያው ውስጥ ያለችው ትንሿ ራዲያተር ትቀየር» ቢለው እምቢ አለ። ለምን መሰለህ? ከጠበል ሲመለሱ ከፊት የተቀመጡት መሪጌታ ይስሐቅ እግራቸው ላይ ከራዲያተሯ ሞቅ ያለ ውኃ ቢንጠባጠብ፣ ከተጫነው ጀሪካን የፈሰሰ ጠበል መስሏቸው ጉልበታቸውን አሹበትና «ተሻለኝ» አሉ።

«አባዬ፣ ጠበል አረንጓዴ ነው እንዴ?» አለችው ቃልኪዳን።

«ዝም በይ! እኔ የሰው ፈውስ አላቋርጥም።»

ማክሰኞ በጭጋጉ በሬ ከመግጨት ለጥቂት ሲተርፍ ግን ለፈውሱ ብለው ዳግም የተሳፈሩት መሪጌታ ራሳቸው «ፈውሱ ይቅርብኝ፣ አውርደኝ!» ብለው ጮኹ። በማግሥቱ ጥጋቡ ዳሽቦርዱን ፈታትቶ አዲሷን ራዲያተር ገጠመለት።

አሁን መስታወቱ ጠርቷል። አባትህም ገደሉን ገና አሁን ስላየው እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ይነዳል።

አደራህን፣ ስትደውልለት አትሳቅበት፤ የእኛ ሳቅ ይበቃዋል። ክፉ አይይህ፣ ልጄ።

እናትህ ውብነሽ