የልጄ የምኞት ግሦች

ጥቅምት 8
ፀጉር ቤቱ ዛሬ ቀዝቅዞ ዋለ። ማታ ልጄ ከሆስፒታል ስትመለስ አንድ እፍኝ ካርድ አስታቀፈችኝ። የስፓኒሽ ግሥ... ባሕር ማዶ ሄዳ በነርስነት ለመቀጠር የቋንቋውን ፈተና ማለፍ አለባት። "አባዬ፣ አንተ ጠይቀኝ፤ መልሱን ከጀርባው በኛ ፊደል ጽፌልሃለሁ።" እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 11
"ይሄ የግሥ መልክ የሚመጣው እንድትበላ እፈልጋለሁ፣ እንድትኖር እመኛለሁ ስትል ነው" አለችኝ። መጨረሻው ኣር የሆነው ወደ ኤ ይዞራል፤ ኤርና ኢር የሆኑት ወደ ኣ። አብላር፣ እንድትናገር፦ አብሌስ። ኮሜር፣ እንድትበላ፦ ኮማስ። ቢቢር፣ እንድትኖር፦ ቢባስ። ቀላል ነው እኮ! ሥራ ላይም አፌ ውስጥ ይመላለሳል። ታክሲ ነጂው ደንበኛዬ በመስተዋት አየኝና፣ "ጋሼ፣ ምላጭ ይዘው ብቻዎን አያውሩ፣ አንገቴን እወደዋለሁ" አለኝ። ተሳሳቅን።

ጥቅምት 19
ተሳሳተች። "እንድትጽፍ" ስላት እስክሪቤስ አለች። ካርዱ እስክሪባስ ይላል። እያየሁት "ልክ ነው" አልኳት።
ለምን? ብትወድቅ ትቀራለች ብዬ ነዋ። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው የሷ ድምፅ ብቻ ነው... እሷ ደስ ብሏት ሻይ አፈላችልኝ።

ጥቅምት 20
ጠዋት ጫማዋን ስታስር፣ "ትናንት ዋሽቼሻለሁ። እስክሪባስ ነው" አልኳት።
ቀና አለች። "አይተኸው ነበር?"
"አዎ።"
የጫማዋን ክር ለቀቀችና፣ "እንድሄድ አትፈልግም እንዴ?"
"አልፈልግም። እንድታልፊ ግን እፈልጋለሁ።"
ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ ለኔም አልገባኝም። ተመልሳ ተቀመጠች። "በል እንግዲህ ጠይቀኝ።" ሥራ አረፈደች።

ኅዳር 14
አለፈች! ስትደውልልኝ ታክሲ ነጂው ወንበሩ ላይ ነበር። "እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ" ብዬ ጓሮ ገባሁና አለቀስኩ። ደስታም ነው፣ ሌላም ነው። ምስኪን ደንበኛዬ፣ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ጥር 6
ሸኘኋት። ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ካርድ ሳልይዝ፣ "ኮማስ። ቢባስ። እስክሪባስ" አልኳት። ብይ፣ ኑሪ፣ ጻፊልኝ።
"አንዱንም አልተሳሳትክም" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጥር 8
ቤቱ ጭር ብሏል። ከሥራ ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ነው... ጽፋልኛለች! "በሰላም ገብቻለሁ። ኮማስ፣ አባዬ። እራት በልተሃል?"
አልበላሁም ነበር። ተነስቼ መብራቱን አበራሁና ድስቱን ጣድኩ።