ያልፈረምኩት ፊርማ

ልጄ፣ የምትረግጠው መሬት ይመችህ፤ ክፉ አይንካህ። ጉልበቴን ተሽሎኛል።

በምርጫው ዕለት ድሮ ሳስተምርበት በነበረው ክፍል ድምፅ ቆጣሪ ነበርኩ። የተመዘገበው ሰው አራት መቶ ስድስት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የቆዩት የምክር ቤት አባላችን ብቻቸውን አምስት መቶ አሥር ድምፅ አገኙ። እንደ ፈተና ወረቀት ሁለቴ ቆጠርኩ። የጣቢያው ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ቲቸር፣ ዛሬም ሊያርሙን ነው? ይፈርሙና ይረፉ» አለኝ።

«ቁጥሩ ሲስተካከል» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ በጣቢያው በር ላይ በተለጠፈው ውጤት ሥር ስሜና የማላውቀው ፊርማ ተቀምጠዋል። አቤት ብል፣ «ፈርመው ነው የካዱት» ተብዬ ተከሰስኩ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ።

እባክህ፣ እስከ ዛሬ የጻፍኩልህን ደብዳቤዎች ለእህትህ ቶሎ ላክላት፤ እውነተኛው ፊርማዬ እነሱ ላይ አለ። አንተ ግን አትምጣ። ባልመልስልህም መጻፍህን አትተው። የእጅህ ሥራ ይባረክልህ።

እናትህ