በሳሎኔ በኩል ለሚያልፈው ሰላም

ለክቡር የቀጠናው የሰላም ልዩ መልዕክተኛ
ባሉበት፣ ማለትም ከግድግዳዬ ወዲያ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ይህን ያህል ወራት ወንበር ላይ መዋል ለወገብ ጠንቅ መሆኑን በሙያዬ ስለማውቀው ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኔ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና ጓዳዬ ውስጥ ደህና ነኝ። ስላልተዋወቅን ራሴን ላስተዋውቅ። ድርድሩ ከሚካሄድበት ሆቴል ጀርባ ያለው ቤት ባለቤት ነኝ፤ ባሌ የሞተብኝ መጋረጃ ሰፊና የአንዲት ልጅ እናት። ፀሐይ እንዳያገኝዎ አዳራሹ ውስጥ የሚጋርዱዎትን መጋረጃዎች የሰፋኋቸው እኔ ነኝና፣ ከጦርነቱም ከድርድሩም በፊት እዚያ አዳራሽ ገብቼ መስኮቶቹን የለካሁ ሰው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ። ለጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ አመልክቼ በየጊዜው የደረሰኝ መልስ «ስለ ገንቢ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል ነበር። ሲበዛ ማርም ይመራል፤ ምስጋናው በዛብኝ። ሌላ አንባቢም ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ከተማችንን ለሁለት በሚከፍለው ወንዝ ወዲህ መንግሥት አለ፣ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ሌሎቹ አሉ። መካከል ላይ አንድ ድልድይ አለ። ልጄ ጦርነቱ ሳይታሰብ ወዲያ ማዶ አግብታ ኖራ፣ እዚያው ቀረች። ድልድዩ ለሰላማዊ ሰው ዝግ ነው። አቤቱታዎቼ እነሆ፦

፩ኛ. ስለ በሩ። የሆቴሉ አዳራሽ አንድ በር ብቻ እንዳለው ያወቃችሁት ሁሉም ከመጣ በኋላ ነው አሉ። ወዲህኞቹ ከወዲያኞቹ ኋላ አንገባም፣ ወዲያኞቹም ከወዲህኞቹ ኋላ አንገባም አሉ። እኩል ይግቡ ተብሎ ሁለቱ መሪዎች ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ መቃኑ ላይ ተቀርቅረው እንደቆዩ የነገረችኝ የሆቴሉ አስተናጋጅ ናት፤ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በትሪ ጋርዳ እንደነበርም አልሸሸገችኝም። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ያሰፋው ነበር። እርስዎ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የአዳራሹ የጀርባ ግድግዳ ከሳሎኔ ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲነገርዎ ግድግዳዬን አስበሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ወዲያኞቹ በየጠዋቱ በግቢዬ በር ይገባሉ፣ ሳሎኔን ያቋርጣሉ፣ በቀዳዳው በኩል አዳራሹ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ወዲህኞቹም በዚያው ቅጽበት በዋናው በር ይገባሉ። ማንም ማንን አልቀደመም። የዚያን ዕለት ማታ በዜና ስለ በሩ እንደ ታላቅ ድል ሲናገሩ ስሰማ፣ የሲሚንቶውን ብናኝ ከድስቴ ላይ እያራገፍኩ አጨበጨብኩልዎ።

፪ኛ. ስለ ነጩ መስመር። ከግቢዬ በር እስከ ቀዳዳው ድረስ በሳሎኔ ወለል ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለው «የማንም ያልሆነ ቦታ» ተባለ፤ ተደራዳሪ ብቻ ያልፍበታል እንጂ ከየትኛውም ወገን ታጣቂ አይረግጠውም። የእኔም እንዳልሆነ በትህትና ተነገረኝ፤ ኗሪነቴ ወዲህ ነውና መርገጥ አልችልም። የግቢዬ በርም አብሮ ስለሄደ የምወጣው በጓዳዬ መስኮት ነው። ጎረቤቴ መካኒኩ ከውጭ በኩል በርሜል ደግፎ ይጠብቀኛል፤ በስተርጅና በገዛ ቤቴ በመስኮት የምገባ ሌባ ሆኛለሁ። የስፌት መኪናዬ ከመስመሩ ወዲያ ቀረ። መርፌው ሥር ለሕፃን የጀመርኩት ልብስ አለ፤ አንዱ እጅጌ ተሰፍቷል፣ ሌላው አልተሰፋም። ከጓዳዬ ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ።

አንድ ጊዜ የወዲህኞቹ ወታደር ኮፍያው በነፋስ ተወስዶ ከመስመሩ ወዲያ ወደቀበትና አንድ እግሩን አሻግሮ አነሣው። አበስኩ ገበርኩ! ድርድሩ ተቋረጠ፣ መግለጫ ወጣ፣ የይቅርታ ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። ልጁ ወዴት እንደተዛወረ አልሰማሁም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ገባኝ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

፫ኛ. ስለ ወዳጆቻችን። ጎረቤት አገሮቻችን ለሰላማችን ያላቸው ፍቅር እንዲህ የበረታ ነውና፣ የመጀመሪያውን ዙር አንዱ ሲያስተናግድ ሌላው አኮረፈ፣ ሁለተኛውን ሌላው ሲያስተናግድ የፊተኛው አኮረፈ፤ ሦስተኛው ዙር እኛ ቤት የመጣው ኩርፊያ ሸሽቶ ነው። ከሩቅ የመጡት የሰላም ወዳጅ አገሮችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ሦስቱም ምንጣፍ ይዘው መጡ። ለሳሎኔ ሦስት ምንጣፍ! የማን ከላይ ይነጠፍ የሚለው ብዙ ምክክር ጠይቆ፣ በመጨረሻ በየጠዋቱ እየተፈራረቁ እንዲነጠፉ ተወሰነ፤ ከእንቅልፌ የምነሣው በአቧራቸው ነው። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባል የለ? እነዚህ ግን ከጨርቅም በኋላ ቆይተዋል። አንዲት ታዛቢ በመስኮት ስወጣ አይታኝ ፎቶ አነሣችኝና በአስተርጓሚዋ በኩል የጽናት ምሳሌ መሆኔን ገለጸችልኝ። እሷን አልቀየምም፤ መውጫ ያጣ ሰው ከሩቅ ሲያዩት ጽኑ ይመስላል።

፬ኛ. ስለ ድልድዩ። እስካሁን የጻፍኩት ሆድ ለማባባት ነበር፤ ጉዳዬ ይህ ነው።

ድልድዩ ለሰላማዊ ሰው ይከፈት የሚለው ነጥብ በአጀንዳችሁ ውስጥ እንዳለ ሰምቼ ተደስቼ ነበር። አጀንዳው አንደኛ ይሁን ወይስ ሁለተኛ በሚለው ላይ ገና አለመስማማታችሁንም ሰማሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ወዲያኞቹን የሚያመጧቸው ነጫጭ መኪኖችዎ በየጠዋቱ በዚያው ድልድይ መጥተው በየማታው በዚያው ድልድይ ይመለሳሉ። ያን ሁሉ ጥይት የማይበሳው ብረት የተሸከመ ድልድይ የእኔን የከሳ ሥጋ አልሸከምም ብሎ ነው?

አምና፣ እናንተ በጎረቤት አገር በመጀመሪያው ዙር ስለ ጠረጴዛው ቅርጽ ስትመካከሩ፣ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን አማጠች። ድልድዩ ተዘግቶ ነበር። ባሏም ለጦሩ ነዳጅ አመላልስ ተብሎ ሩቅ ነበር። ጎረቤቶች ናቸው የያዟት። ልጁ አልተረፈም። የሰማሁትም ከተቀበረ በኋላ ነው። እኔ ብኖር ይተርፍ ነበር አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። የምትጨብጠው የእናት እጅ ግን ይኖር ነበር። ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አንጀቴ ነው የቆሰለው፣ ክቡርነትዎ።

አሁን ደግሞ ዳግመኛ ፀንሳለች። ይህን ያወቅሁት ስልኩ ከመቋረጡ በፊት ነው፤ ያች መርፌ ሥር ያለችው ልብስም የሚወለደው ሕፃን ናት። ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋብኝ። የፕሮቶኮል ሹምዎ የተደራዳሪዎችን ስሜት ይነካል ብሎ የግድግዳዬን ፎቶዎች ሁሉ ሲያስነሣ፣ ስፌት መኪናው ላይ የቆመችው የልጄ ፎቶ ግን ቀረች፤ ቀድሞ ቀለሙ ተቀብቶ ስለነበር እኔም ወታደሮቹም ተሻግረን ልናነሣት አልቻልንም። ሕግዎ ይባረክ። ከወዲያኞቹ ተደራዳሪዎች መካከል ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ አሉ። እኝህ ሰው ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ፎቶዋን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ፣ ከዚያ ያቀረቅራሉ። ከእኔ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ትናንት ጠዋት መስመሩ አጠገብ ሲደርሱ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ አሉ።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ ጎረቤቴ ናት» አሉኝ። «ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጦ፣ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርጂ ብሏታል። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች።»

ተነሥተው ሄዱ። ጫማቸው ማሰሪያ የሌለው መሆኑን ያየሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት ሆድ ይፍጀው።

እንግዲህ ቅድም እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር ልምጣ። በኮፍያው ምክንያት የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ በዚህ አገር ውስጥ ማንም ታጣቂ እጁን ሊዘረጋበት የማይችል ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳሎኔ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መኪኖችዎ ሳይደርሱ መስመሩን ተሻገርኩ። ወንበሬን የግድግዳው ቀዳዳ ላይ ገተርኩ፣ ስፌት መኪናዬን ጎትቼ ፊቴ አቆምኩና ያልተሰፋውን እጅጌ መስፋት ጀመርኩ። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው እዚያው ላይ ሆኜ ነው፤ መካኒኩ በመስኮት ተቀብሎ ለጋዜጣው ያደርስልኛል። የወዲህኞቹ ወታደሮች እስከ መስመሩ መጥተው ቆሙ። የወዲያኞቹ ጠባቂዎችም እስከ ደጃፉ መጥተው ቆሙ። ከወዲህኞቹ አንዱ ልጅ፣ ፊቱ ገና ጢም ያላበቀለ፣ እትዬ እባክዎ ይውጡ አለኝ። «ግባና አውጣኝ» አልኩት። ጫማውን አየ፣ መስመሩን አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አሁን ወዲያኞቹ ግቢዬ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ወዲህኞቹም፣ ማንም ማንን አይቀድምም ተብሏልና፣ በዋናው በር ላይ ቆመዋል። እርስዎም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሆነው የስፌት መኪናዬን ድምፅ እንደሚሰሙ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የታሰርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በረከቱ ለሁላችንም ደረሰ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዛሬ ማታ ከሚመለሱት መኪኖች በአንዱ ውስጥ አንዲት ወንበር ይስጡኝ። ስለ ሰላሙ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ ስትደርሱበት ወዲያ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ። አይሆንም ካሉም መስመሩን ተሻግሮ ሊያስነሣኝ መብት ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይምጡ። ይህን ያህል ጊዜ ቤቴን ሲጠቀሙበት ደጄን ረግጠውት አያውቁም። ጫማዎን ማውለቅ አያስፈልግዎትም፤ ምንጣፉ የእኔ አይደለም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአርቆ አሳቢነትዎና በግድግዳዬ ስለሚገባልኝ ንጹህ አየር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣

የአዳራሽዎ መጋረጃ ሰፊ፣
የማንም ያልሆነው ቦታ ብቸኛ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የፕሮቶኮል ሹምዎ እስከ መስመሩ ጫፍ መጥቶ፣ ከተነሣሁ በጉባኤው ላይ የታዛቢ ወንበር ሊያሰጠኝ እንደሚችል አበሠረኝና በስም ካርዱ ላይ ምን ማዕረግ ይጻፍልዎ ሲል ጠየቀኝ። ይህንን ጨዋ ልጅ ያመስግኑልኝ። ወንበሩ እንኳ ይቅርብኝ፤ ማዕረጉን ግን «አያት» ብሎ ይጻፍልኝና ካርዱን ማታ ለምሄድበት መኪና ሾፌር ይስጥልኝ። ቶሎ ይሁን ብቻ። አምናም ይህንኑ ማዕረግ አግኝቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ ነው የተነሣብኝ።