ስለ ደህንነቴ የመሰከረው ቆጣሪ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ከሩቅ ሆኖ ሁሉን ለሚያየው ለውዱ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔስ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ ይህን ከእኔ ቀድሞ የሚነግርህ ባለሥልጣን ስላለ ሥራውን መሻማት ይሆንብኛል። ስልክ ደውዬ ልነግርህም አስቤ ነበር። ግን ራሴን አውቃለሁ፤ አንዴ «እማዬ» ካልከኝ ልቤ ይቀልጣል፣ የተቆጣሁበትም ይጠፋኛል። ስለዚህ ቁጣዬ ሳይበርድ በወረቀት ታሽጎ ይድረስህ ብያለሁ።

አስቀድሜ ዋናውን ልንገርህ፣ ወቀሳው ቀስ ብሎ ይመጣል። ባለፈው ወር ደረጃው ላይ ወድቄ የዳሌ አጥንቴ ተሰንጥቆ፣ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አሁን ቤቴ ገብቻለሁ፣ በክራንች እንቀሳቀሳለሁ። አትደንግጥ። የመደንገጫህ ጊዜ አልፏል።

«እንዴት ሳልሰማ?» ትል ይሆናል። እሱን ቆጣሪህን ጠይቀው።

አምና መጥተህ ሳለ የመብራት ሰዎች የሕንፃችንን አሮጌ ቆጣሪዎች በአንድ ረፋድ ነቃቅለው፣ ደረጃው ሥር እነዚያን ነጫጭ ሣጥኖች ሲደረድሩ አብረን ቆመን አይተናል። አንተ እንደ ሙሽራ አጃቢ ከፊት ከኋላ ትል ነበር። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ስማርት ነው! በየሰዓቱ ስንት መብራት እንደተጠቀምሽ ስልኬ ላይ ያሳየኛል። መብራት ስታበሪ አያለሁ። ካላበራሽ ደግሞ ምን ሆነች ብዬ ወዲያው እደውላለሁ» አልከኝ። ሂሳቡም ከአንተ ባንክ በራሱ እንዲቆረጥ አድርገህ፣ ግንባሬን ስመህ ሄድክ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ከሣጥኑ ፊት ሳልፍ ፀጉሬን አስተካክል ነበር፤ ልጄ ያየኛል ብዬ።

ከዚያ በፊት እሁድ እሁድ ትደውል ነበር። ክቡር ቆጣሪው ከተሾመ በኋላ እሁድህ ወደ ወር መጨረሻ ተገፋ። ወር መጨረሻውም ቀጥኖ መልእክት ሆነ። ያውም ምን ዓይነት መልእክት! «እማዬ፣ ቅዳሜ ቤቱ ሞቅ ሞቅ ብሎ ነበር አይደል? እንግዳ ነበረሽ እንዴ?» እኔ ቅዳሜ ካልሲ ስጠግን ነው የዋልኩት። «እማዬ፣ በጠዋቱ ተነስተሽ ሥራ ጀመርሽ፣ ጎበዝ!» እኔ በዚያ ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር። ላስተባብል አልኩና ተውኩት። ልጅ እናቴ በረታች ብሎ ሲፈነድቅ «ኧረ ካልሲ ነው» ይባላል?

ደረጃው ላይ ስወድቅ ያነሣችኝ ከፊት ለፊቴ ያለችው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ያቺ ሳሎኗን ወደ ፀጉር ቤት የለወጠችው። ሆስፒታል ወስዳ አስተኝታኝ ስታበቃ ስልኳን አወጣች።

«እትዬ፣ ለልጅሽ ልደውል።»

«እንዳታደርጊው።»

«ምነው?»

«ራሱ ያውቃል። ቤቱ ጨልሟል። ቢዘገይ ከነገ ወዲያ ይደውላል።»

እውነቱን ልንገርህ፣ ልፈትንህ ፈልጌ ነው። ፈተናው ቀላል ነበር፤ መልሱ ስልክህ ላይ አለ።

ከጎኔ የተኛችው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ ምላሷ ከቀዶ ጥገና ምላጭ የሰላ። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ደጋግሜ ስዳስስ አየችኝ።

«ልጅሽ ምንድን ነው ሥራው?»

«እኔን መጠበቅ።»

«ከየት ሆኖ?»

«ከስልኩ።»

«ተባረኪ። የእኔዎቹ ከዚያም አይጠብቁም» አለችኝ።

ከነገ ወዲያም መጣ፣ ሳምንቱም አለቀ። ነርሷ ከጎን ወደ ጎን እያገላበጠችኝ፣ እኔም እግዚኦ እያልኩ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የአንተ መልእክት! አዋላጇ «አንብቢው እንስማ» አለች። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «እማዬ፣ የዚህ ሳምንት ፍጆታሽ ካለፈው በልጧል። በርትተሻል! ኮራሁብሽ።»

አዋላጇ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አይታ አይታ «ልጅሽ ብልህ ነው» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌባ ነው። እኔ እዚህ አጥንቴ ተሰንጥቆ፣ ቤቴ ውስጥ ግን አንድ ብርቱ ሰው እየኖረ ነው! ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ ቁልፌ እሷ ዘንድ ነበርና፣ ፀጉር ሠሪዋን ቤቴን እንድታይ ላክኋት። በማግስቱ እየሳቀች መጣች። «እትዬ፣ ቤትሽ ያለው ሸረሪት ብቻ ነው። የሳሎኑን አምፖል ግን እኔ ነኝ ከመጀመሪያው ቀን ያበራሁት። ሰው ያለበት እንዲመስል፣ ሌባ እንዳይደፍር ብዬ ነው።» ታዲያ አንድ አምፖል እንዲህ ያኮራል? ከሆስፒታል እንደወጣሁ የመብራት ሰው አስጠራሁ።

መጣ። አንገቱ ላይ ሽቦ የጠመጠመ፣ ችኩል ሰውዬ ነው። ደረጃው ሥር ቆሞ የእኔ የተባለውን ቆጣሪ አጠፋና ወደ ላይ ጮኸ።

«እማማ፣ ጠፋ?»

«ኧረ በርቷል!»

«አሁንስ?»

«በርቷል አልኩህ እኮ!»

ይህን ስንባባል የፊት ለፊቱ በር በኃይል ተከፈተ። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያ ይዛ ብቅ አለች። ከኋላዋ ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሶ ግማሹ የተቆጣ ጃርት የመሰለ ደንበኛ ቆማለች። «ማነው መብራቴን ያጠፋው? ሰው በካስክ ሥር ነው ያለው!»

ልጄ፣ እንግዲህ እወቀው። ያን ዕለት ረፋድ የቸኮሉት ሰዎች የእሷን ቆጣሪ በእኔ ስም፣ የእኔን በእሷ ስም ገጥመውታል። አንተ ዓመት ሙሉ ስትመለከት የኖርከው እናትህን አይደለም፤ የፀጉር ማድረቂያ ካስክና መተኮሻ ነው። ቅዳሜ ቤቴን ያሞቁት የሰርግ ሚዜዎች ናቸው። የኮራህባት እናት፣ አሁን ሳስበው፣ ሦስት የፀጉር ፎን ናት።

«ቆጣሪው ግን ምንም ስህተት የለበትም» አለኝ ሰውዬው ኮራ ብሎ። «ስማርት ነው።»

«እሱስ ይሁን፣ የገጠመው ሰውስ?»

ሳል ያዘው።

ፀጉር ሠሪዋን ዞር ብዬ አየኋት። «አንቺ፣ በዚህ ሁሉ ማሽን ሂሳብሽ እንደ መነኩሴ ሲያንስ ምንም አልገረመሽም?» አልኳት። «እትዬ ሙች፣ አዲሱ ቆጣሪ ቆጣቢ ነው ብለውኝ ነው» አለች፣ የማበጠሪያውን ጥርስ የምትቆጥር ይመስል አቀርቅራ። ታውቅ ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ምን ልበላት? ሥራዋን እየተወች ሆስፒታል እየመጣች፣ መነሣት ሲያቅተኝ ተኝቼ ሳለሁ ፀጉሬን ያበጠረችው እሷ ናት። ገንዘቡን ከፈለግህ አንተው ተከራከራት። እኔ በእሷ ላይ አፍ የለኝም።

እስከዚህ ድረስ ብስቅበትም ይሆን ነበር። የቀረው ግን አያስቅም።

ሰውዬው ቆጣሪዎቹን አስተካክሎ ሲጨርስ፣ በያዘው ማሽን የእኔን ትክክለኛ መዝገብ አሳየኝ። የእሷ ተራራ ነው፣ ገደልና ጫፍ። የእኔ በእግር እንደተረገጠ ሣር የተኛ መስመር ነው።

«ሆስፒታል የነበርኩት የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

ጎተተው፣ አሰፋው፣ ዓይኑን አጠበበ። «መቼ ነበር እማማ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ! ስማርት አይደለም እንዴ?»

«ፍሪጅ የለዎትም?»

«ነቅዬዋለሁ። ለአንድ ሰው ምን ያቀዘቅዛል?»

«ሻይስ?»

«በጋዝ ነው የማፈላው።»

ደግሞ አየው። «እውነት ለመናገር እማማ፣ አይለይም» አለኝ።

ገባህ ልጄ? ጎረቤቴ ሌባ ለማታለል ያበራችው ያ አምፖል እኔን ሆኖ ሦስት ሳምንት ኖሯል፣ ከእኔም አልተለየም። ስለዚህ ቆጣሪው ተቀያየረ ብለህ አታመካኝ። ቢስተካከልም ኖሮ ስልክህ ስለ እኔ የሚነግርህ ያንኑ ነበር፤ አምፖሉ በርቷል፣ እናቴ ደህና ናት። እኔም ይህን ሳላውቅ በጨለማ ልፈትንህ ተኝቼ ስጠብቅ ነበር።

ሰውዬው ዕቃውን እየሰበሰበ «የልጅዎን ስልክ ከትክክለኛው ቆጣሪ ጋር ላገናኘው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስልክህ ላይ ምንም ብታጣ፣ መብራት ድርጅት ደውለህ አትጨቃጨቅ። ቆጣሪው አልተበላሸም። የእኔ ስልክም አልተበላሸም፤ መስኮቱ ጋ ነው ያለው። ብቻ በክራንች እስክደርስበት ድረስ ትንሽ ይጮኻል። ቶሎ አትዝጋው።

በሄድክበት ይቅናህ፣ እጅህ የነካው ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ። ስትወድቅ የሚያነሣህ፣ ስትተኛ ጠያቂ አትጣ።

እናትህ