የሰው ስም የሌለበት ሪፖርት
የወይዘሮ ኑኃሚን በቀለ የሕይወት ታሪክ (1974–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ኑኃሚን በቀለ ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ በቀለ ወልደሰንበትና ከወይዘሮ ብርቅነሽ ይመር ሚያዝያ 11 ቀን 1974 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ስላረፉ ያሳደግኳቸው እኔ አክስታቸው አስካለማርያም ነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሳቸው ግን ለሁለታችንም ተምረዋል።

በ1996 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ሳይንስ በዲግሪ ተመረቁ። “ሴት ልጅ ከማሽን ጋር ምን አላት?” ያለ ዘመድ ነበር፤ እዚሁ መካከላችን ቆሟል፣ ይስማ። በ1999 ዓ.ም. ከአቶ ሰይፈ ሚካኤል ታደገ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሶልያናንና ናሆምን ወልደዋል።

ታይዋን በሚባለው በከተማችን ገበያ፣ በወይዘሮ ዓናብ ሱቅ ኮምፒዩተር ሲጠግኑ ኖረው በ2013 ዓ.ም. በአንድ የልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በዚያ የተሰፋውን ልብስ የሚቆጥረው ፕሮግራም በየጊዜው ቀጥ ይል ነበር። ሲቆም ሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ትሞላለች፦ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ቁልፍ፣ ምን የሚል ጽሑፍ መጣ? ሱማልኛ ተናጋሪዋ ሃምዳ “ቆመ” ከማለት ሌላ ምን ትበል! “አንቺ ነካክተሽ ነው” ተብላ ልትባረር ስትል ወይዘሮ ኑኃሚን ሁለት ቀን ከጎኗ ተቀምጠው አዩ። መብራት ጠፍቶ ወደ ጄኔሬተር ሲዞር የሚመጣ የፕሮግራሙ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ሃምዳ ከሥራዋ አልተነቀነቀችም።

ከዚያ በኋላ “ማሽኑ የራሱን በሽታ ራሱ ይናገር” ብለው ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ ሠሩ። ቁልፉ ሲነካ ፕሮግራሙ ሰዓቱን፣ ሲሠራ የነበረውንና የኮምፒዩተሩን ሁኔታ ራሱ ሰብስቦ ለባለሙያዎቹ ይልካል፤ ሠራተኛዋ አንድ ቃል አትጽፍም። አለቆቹ ግን “የሠራተኛዋም ስም አብሮ ይላክ” አሉ። ወይዘሮ ኑኃሚን “ማሽን ለመጠገን የሰው ስም አያስፈልግም፤ ስም የምትፈልጉት ለቅጣት ነው” ብለው እምቢ አሉ። የታጩበት ሹመት ለሌላ ተሰጠ። ይሰጥ! ሪፖርቱ ዛሬም የሰው ስም የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. ካንሰር ያዛቸው። ሌላው በሹክሹክታ የሚያነሳውን በሽታ እሳቸው በስሙ ጠሩት፤ ሕመሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጽፈው ሐኪሙ ፊት ይቀርቡ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። የፋብሪካው ሴቶች ትናንት ቤት ድረስ መጥተው “የኛም ስም ከቤተሰቡ ጋር ይጻፍ” ስላሉ፣ እነሆ አስጽፈናል፦ ሃምዳ ቢሌ፣ ሳቢሪን ዐብዲሻኩር፣ ማርያን ዲሪዬ፣ ሑዳ ዐብዲወሊ።

የድኃን ስም ከክስ ላይ ያነሱትን ልጄን እግዚአብሔር ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልኝ፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ። አሜን።