ቤንዚን ውስጥ ስለተገኘው «ባዕድ ነገር»

ለክቡር አቶ ወጋየሁ
የግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ጀሞ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ አልነሳ ስላለው ቅጠል መንፊያ ማሽን እና በእሱ ምክንያት ስለወደቀችው ሴት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ሰሞኑን ገመድ ሲጎትት ለከረመው ቀኝ ክንድዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብዎስ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የብሎክ አራት የምድር ቤት ነዋሪ ወይዘሮ አምሳለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ፣ መስኮቴ ወደ ግቢው ስለሚያይ የኮሚቴዎን ሥራ ወድጄም ሳልወድም የምከታተል ሴት፣ ከአንድ የማቅለሽለሽ ስሜት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የማቅለሽለሹን ምክንያት ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ስለ ማሽኑ አመጣጥና አነሳስ። ከመስቀል ማግሥት ኮሚቴዎ የግራቪሊያ ቅጠል እየነፋ የሚሰበስብ ባለ ሞተር ማሽን አምጥቶ ሪባን ሲቆርጥ እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ስሙ ነፋስ ስልክ በሆነ ክፍለ ከተማ እየኖርን ነፋስ እንደሚያንሰን ያወቅሁት ያን ቀን ነውና፣ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሚሳኤል ከካርቶኑ የወጣችውን የአንድ ገጽ መመሪያ ከፍ አድርገው አሳዩንና፣ ይህ ለማያውቅ ሰው ነው ብለው ሳያነቧት ከማኅበሩ ያገለገሉ ወረቀቶች ጋር አኖሯት። ቀጥሎ እርስዎ ገመዱን ጎተቱ፤ ሲደክምዎት አቶ ሚሳኤል ተቀብለው ጎተቱ፤ ማሽኑ ግን የሁለታችሁንም ክብር ሳያውቅ ዝም አለ።

ያስነሳችው፣ መጥረጊያዋን «ኋላ ቀር» ብላችሁ የቀማችኋት የግቢያችን ጽዳት ሠራተኛ ሞልቱ ናት። ይህ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ቤተሰቦቿ እዚሁ መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል፤ ወንድሟ ቶሌራ ዛሬም ድረስ ባሕር ዛፍ የሚቆርጠው በሞተር መጋዝ ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር እንደ መኪና ለብቻው ዘይት የሚገባበት ቦታ እንደሌላት፣ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር አብራ እንደምትጠጣ ከእሱ ተምራለች። እናም እናንተ የሞላችሁትን ቤንዚን ወደ ጀሪካኑ መለሰችና ዘይቱን በክዳን እየለካች ጨምራ በደንብ በጠበጠችው። መልሳ ከሞላችው በኋላ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ የነበረውን ማብሪያ ከፍታ በሦስተኛው ጉተታ አስነሳችው። ስምንት ቀን ግቢያችን እንደ እልፍኝ ጸዳ። የምስጋና ንግግር ያደረጉት ግን እርስዎ ነበሩ፣ እሱንም በትዕግሥት አዳምጠናል።

፪ኛ፣ ስለ ምርመራው። በዘጠነኛው ቀን አቶ ሚሳኤል ጀሪካኑን ከፍተው አሸተቱና የቤንዚኑ ቀለም ተለውጧል አሉ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ በሚጨመርበት በዚህ ክፉ ዘመን ሕዝብ መጠበቅ አለበት ብለው አስቸኳይ ስብሰባ አስጠሩ፤ ስብሰባውም ሞልቱን «ቤንዚን ውስጥ ባዕድ ነገር ስትቀላቅል የተደረሰባት» ሲል ሰየማት። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ሞተሩ ራሱ እኮ ነው ዘይት የሚጠጣው፤ ካላጠጣችሁት ይሞትባችኋል» ስትል እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ግን አልሰማም። ቅልቅሉ ተደፋ፤ በምትኩ በኮሚቴው ፊት «ንጹህ ቤንዚን» ተሞላ። ማሽኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ጮኸ፣ ጋለ፣ ሲጥ አለ፣ ቆመ። ዘይት ያጣው ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይሞትባችኋል ያለችው ሞተር በትክክል በተናገረችው መንገድ ሞተ ማለት ነው።

፫ኛ፣ ስለ ጥገናው። እዚህ ላይ የኮሚቴውን ትጋት ሳላደንቅ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ በአፍ ተነፋ፣ በእርስዎ ከረባት ተወለወለ። የአየር ፊልትሮው በሳሙና ታጥቦ ከሕፃናት ልብስ ጋር በገመድ ላይ ተሰጣ። ማሽኑ ፀሐይ እንዲሞቅ ተደረገ፤ ቀጥሎ ሞቋል ተብሎ ጥላ ተፈለገለት። ሞተሩ ከውስጥ ተጣብቆ ገመዱ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ጉልበት አነሰው ተብሎ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጎትት ተወሰነና ገመዱ ተበጠሰ፤ እርስዎም የግራቪሊያው ቅጠል ላይ ተቀመጡ። ቅጠሉን ያልጠረግነው ለካ ለዚህ ነው ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለውን ተረት ሁለቱንም ወገን በአንድ ጠዋት ስላሳዩን የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ ይማሩበታል።

እስከዚህ ድረስ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ማሽን ይበላሻል፤ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስስቅ ሰንብቼ እተወው ነበር።

፬ኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ማሽኑን የገደለው ንጹሁ ቤንዚን ሆኖ ሳለ እናንተ ግን በዋናው በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፋችሁ፦ «የጽዳት ሠራተኛ ሞልቱ ቤንዚን ውስጥ ባዕድ ነገር በመቀላቀል የማኅበሩን ንብረት ስላበላሸች ከሥራ የታገደች መሆኑን እየገለጽን፣ ነዋሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ግለሰቦች እንዲጠነቀቁ እናሳስባለን።» እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ክቡር ሆይ፣ ሞልቱ ማለዳ ማለዳ የራሷን ላም ወተት ለአራት ብሎክ የምታዳርስ ሴት መሆኗን ያውቃሉ፤ የእርስዎ የመጨረሻ ልጅ ያደገው በዚሁ ወተት ነው። ያ ወረቀት በተለጠፈ ማግሥት «ባዕድ ነገር» የሚለው ቃል ከጀሪካኑ ወጥቶ ወተቱ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ዛሬ አንፈልግም ይላት ጀመር። በሦስተኛው ቀን የወተት ቆርቆሮዋን ሙሉውን ይዛ ተመለሰች። ቤንዚን ውስጥ የቀላቀለች ወተት ውስጥ ምን ይሳናታል የሚለውን ወሬ የግቢያችን ምሁራን ናቸው የሚያወሩት፤ እኔንም ያቅለሸለሸኝ ይኸው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለን ያስተማርናቸው ልጆቻችን፣ እናንተ የአንዲትን ሴት ስም በፕላስተር በር ላይ ስትሰቅሉ እያዩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ራሴንም አልደብቅም። ያን የመጀመሪያ ማለዳ ደጄን ስታንኳኳ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰነድ ሳላጣራ መዝገብ ዘግቼ የማላውቅ እኔ አምሳለ፣ «ዛሬ ይቅርብኝ» ብያታለሁ። እሷም «እሺ እትዬ» ብላ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናንተን ከምጸየፈው በላይ ራሴን እጸየፋለሁ። ሦስት ቀን ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ወተቷንም እየወሰድኩ ነው። ብቸኛዋ ደንበኛ ግን እኔ ነኝ፤ ላሚቱም የእኔን ብርጭቆ እያየች አትታለብም።

፭ኛ፣ ስለ ቅዳሜው ጠቅላላ ጉባኤ። እገዳው ወደ ስንብት እንዲለወጥ፣ ማስጠንቀቂያውም ለጎረቤት ግቢዎች ሁሉ እንዲዳረስ አጀንዳ መያዙን ሰምቻለሁ። በዚህ ፍጥነት ከሀና ማርያም እስከ ጀሞ ድረስ ሞልቱን የሚቀጥርም ሆነ ወተቷን የሚገዛ እንዳይኖር ለምታደርጉት ጥረት ቃል አጥሮኛል።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ወረቀቱ ይነሳ። በተለጠፈበት በር ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ሞልቱ የጨመረችው ዘይት መሆኑን፣ ዘይቱም ለማሽኑ የሚገባው መሆኑን የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ይለጠፍ። መጥረጊያዋም ይመለስላት፤ አልነሳም ብሎ አያውቅምና።

ለጆሮዎ የማይመች ቃል ካመለጠኝ፣ ቅልቅል የሌለው ንጹህ ንግግር ምን ያህል እንደሚያግል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና ይቅር እንደሚሉኝ በመተማመን፣ ረጅም ዕድሜ፣ ብርቱ ወገብና የማይበጠስ ገመድ እየተመኘሁ፣ በመስኮቴ በኩል ዘወትር የማይለይዎ

አክባሪዎ
ወይዘሮ አምሳለ
ብሎክ አራት፣ ምድር ቤት

ግልባጭ፦ ለማንም አላደረግኩም። ግልባጩ ያለው እናንተው ጋ ነው።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ከላይ ያለውን ነገር ላብራራ። ማስታወቂያችሁ በፕላስተር የተያዘው ከላይ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ትናንት ጠዋት ከበሩ ሳልፍ ያ ገመድም ቤንዚንም የማይፈልገው የሰፈራችን ነፋስ ከታች አነሳው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት ሲያይ ጀርባውን ሳያይ አያልፍምና ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወረቀት ለመቆጠብ ብላችሁ ያተማችሁት በማሽኑ መመሪያ ጀርባ ላይ ነው። ጽሑፉ የባዕድ አገር ቢሆንም ሥዕሉ ትርጉም አያስፈልገውም፤ የዘይት ዕቃና የቤንዚን ጀሪካን ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸውም የመደመር ምልክት አለ። የሞልቱ ምስክር ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ወደ በሩ ብረት አዙሮ በእናንተው ፕላስተር ተለጥፎ ከርሟል። ቅዳሜ ጠዋት ጉባኤው ሲገባ ገልብጬ እለጥፈዋለሁ፤ የጨመርኩበት ምንም ባዕድ ነገር አይኖርም።