ኮሚቴው ሳይወስን ስለተቀበረው አባቴ

ለተከበሩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣
የሰፈራችን የመረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ሽሮ ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ የተከበሩት የኮሚቴ አባላት፣ ከሁላችሁም በላይ ደግሞ የእድሩ ኮምፒውተር እንደምን ከርማችኋል? እኛ ከአባቴ ከአቶ ኃይለ መለኮት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እሱ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማለዳ ዐርፏል። ነገሩ በሲስተሙ በኩል ገና ስላልደረሰዎት፣ እኔው ላርዳዎት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ጥሩምባ በሰማ ቁጥር መወርወሪያውን ድሩ ላይ ትቶ ይወጣ ነበር፤ ድንኳን የሚተክለው እሱ፣ ሬሳ ከሚሸከሙት ፊተኛው እሱ። ከማን ቀብር እንደቀረ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ይህ ሰው ያለ ድንኳን፣ ያለ እድርተኛ ተቀበረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ቢሆንም ጨዋ አድርጎ አሳድጎኛልና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እድራችንን ስላዘመኑልን አመሰግናለሁ። ጋሽ ዱጉማ ጎህ ሳይቀድ ዳገት ቁልቁለቱን እየዞሩ ጥሩምባ መንፋታቸው ለሰፈሩ ክብር አይመጥንም ተባለና፣ አንድ ጋቢ አልብሳችሁ አሰናበታችኋቸው፤ ጥሩምባውም የእድሩ ንብረት ነው ተብሎ ከድንኳኑ ጋር መጋዘን ተቆለፈበት። ከዚያ ወዲህ መርዶ የሚነግረን በየስልካችን መልእክት የሚልከው ኮምፒውተር ሆነ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ። የኮምፒውተሩ ሲስተም አርጅቷል፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ይታደስ እያለ ማሽኑ ራሱ መለመን ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ባለሙያው ቢኒያም መጥቶ፣ ወይ በአዲስ ቀይሩት፣ ወይ ለክፉ ቀን ጥሩምባውን መልሱ ብሏችሁ ነበር። ኮሚቴው ግን መች ይቸኩላል! አንዱ፣ አዲሱ ሲስተም ለዚህ አሮጌ ማሽን ይከብደዋል አለ። ሌላው፣ የአባላቱ ስም ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው አለ። እርስዎም፣ እስካሁን ሠርቶ የለም ወይ ብለው ነገሩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት፤ የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው አሳደረው። እሺ ወይም እምቢ ብትሉ ኖሮ ለእኛ አንድ ነበር፤ ቢያንስ መድረሻችንን እናውቅ ነበር። የወሰናችሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ፣ ማሽኑ ልታደስ ሲል ማንም ሰው አንዳች ቁልፍ እንዳይጫን።

ሦስተኛ፣ ይህች ውሳኔያችሁ ሳትሸራረፍ ተግባራዊ ሆናለችና ደስ ይበላችሁ። ያን ማለዳ ወንድሜ ተስፋሁን እያለቀሰ ወደ ጸሐፊዋ ወደ ወይዘሮ ሚስጥር ሮጠ፤ እሳቸው መርዶውን ጽፈው ሊልኩት ሲሉ ኮምፒውተሩ «ልታደስ ወይስ ልቆይ?» ብሎ ጠይቆ ቀጥ አለ። ወይዘሮ ሚስጥር አንዱን ከመጫን እጃቸውን ማጣመር መረጡ። አስቸኳይ ስብሰባ ልጥራ ቢሉ፣ ስብሰባ የሚጠራው ያው ኮምፒውተር ነው። ድንኳኑ ይውጣ ቢባል፣ የማውጫው ወረቀት የሚታተመው ከዚያው ነው። እርስዎ ጋ ስንደውል ደግሞ፣ በሲስተሙ ያልመጣ ሞት ለመቀበል ደንቡ አይፈቅድልኝም አሉን። ወይ ጉድ! ለቅሶውን የሰሙ እድርተኞችም፣ መልእክት አልመጣም፣ የሌላ ሰፈር ሰው ይሆናል እያሉ ወደ ገበያቸው ወረዱ። ሐዘንተኛ ደግሞ ራሱ በር እያንኳኳ ቀብር ውጡልኝ አይልም።

ለቀረው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። አባቴን የተሸከመው የእድራችን አባል ያልሆነው ባለሱቁ አሽረፍ ነው። ለቅሶውን በጆሮው ሰምቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ከወንድሞቹ ጋር መጣ፤ የታክሲ ተራ ልጆችም አገዙት፤ ተጋግዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሱልን። እናቴ መንገዱን ሙሉ ዞር እያለች ከኋላ የሚመጣ ሰው ትፈልግ ነበር። ይህን እስክሞት አልረሳላችሁም። ጋሽ ዱጉማ ማታ ሰምተው መጡና፣ «ጥሩምባው በእጄ ቢሆን ኖሮ አባትሽ ብቻውን አይሄድም ነበር» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ኮምፒውተሩን አድሱት ወይም ተዉት ብዬ አላስቸግርዎትም። የምለምንዎት መጋዘኑን ከፍተው ጥሩምባውን ለጋሽ ዱጉማ እንዲመልሱ ነው። የግድ የሚታደስ ነገር ከተፈለገም ከእርስዎ ወንበር ይጀመር።

ከሚገባዎት አክብሮትና ከማይገባዎት ትዕግሥት ጋር፣

ብርሃኔ ኃይለ መለኮት፣
ነጠላ ነጋዴ፤
በእድሩ መዝገብ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለ አባት ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ኮሚቴው ትናንት በሙሉ ድምፅ ወስኖ ሲስተሙ መታደሱን ሰማሁ። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ ጠዋት፣ ተይዞ የከረመው መልእክት ለአባላቱ በሙሉ ተላከ፦ «አቶ ኃይለ መለኮት ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል። ያልተገኘ አባል ይቀጣል።» ያልሰሙት እድርተኞች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችን ላይ ሲሰበሰቡ እናቴ እንደ አዲስ ጮኸች። መልእክቱ ለአባቴም ደርሶታል፤ እናቴ ቻርጅ እያደረገች የምታስቀምጠው ስልኩ ሳጥን ላይ እንዳለ ጠራ። በቅጣቱ ነገር ግን አደራ፣ እሱን አትቅጡብኝ። ከእድሩ አባላት ሁሉ በቀብሩ በሰዓቱ የተገኘው እሱ ብቻ ነው።